እውነተኛ መዝገብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል

በየዘመኑ ወጣቱን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ አንድ ሙያ ይነሣል። በአባቴ ዘመን የጽሕፈት መኪና መምታት የሚችል ወጣት ሥራ ፈልጎ አያጣም ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ተፈላጊ ነበር። ዛሬ ይህን ቦታ የያዘው ዳታ የሚባለው ነገር ነው። «ልጅዎ ምን ይማራል?» ተብሎ የተጠየቀ አባት «ዳታ ሳይንስ» ብሎ ሲመልስ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ጠያቂውም ነገሩ ምን እንደ ሆነ ባይገባው እንኳ «እሰይ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃው» ይላል።

እኔም ከመራቂዎቹ አንዱ ነኝ። ከስልክ፥ ከባንክ፥ ከሐኪም ቤት፥ ከትምህርት ቤት፥ ከእርሻና ከገበያ በየቀኑ የሚጎርፈው መረጃ በብዛቱ ምክንያት በአንድ መዝገብ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ሊያዝ የማይችል ሆኗል፤ ቢግ ዳታ የሚሉትም ይህንኑ ነው። ይህን ክምችት የሚያበጥሩ፥ የሚጠብቁና ትርጉሙን የሚያወጡ ወጣቶች ለአንድ አገር ታላቅ ሀብት ናቸው። የወባ መድኃኒት አስቀድሞ ወደየትኛው ወረዳ ይላክ? አዲስ ትምህርት ቤት በየትኛው ቀበሌ ይሠራ? ዝናብ ያጠረ እንደ ሆነ እህል ለማን ይድረስ? ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በጩኸት ሳይሆን በትክክለኛ መረጃ ነው።

በአገራችንም በዚህ በኩል ብዙ ነገር ተጀምሯል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ ኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘቡን ዝውውር ወደ ስልክ አምጥቶታል። ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ይሰጣል። በአዲስ አበባ የግል ኩባንያዎች ዳታ ማዕከል ገንብተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሚሊዮን ወጣቶችን በኢንተርኔት የኮምፒዩተር ፕሮግራም፥ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረት ለማስተማር ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር የተያዘ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ይህን ሁሉ አልነቅፍም።

ዳሩ ግን ሕንፃና መሣሪያ ከተሟላ፥ የምስክር ወረቀትም ከታደለ የዳታ ኢንዱስትሪ በቃ ቆመ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እከራከራለሁ። የዚህ ኢንዱስትሪ ሥሩ ያለው በዳታ ማዕከሉ ውስጥ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ቁጥር በሚጽፈው ሰው እጅ ላይ ነው። ያ እጅ የዋሸ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በላይ የሚሠራው ሁሉ ውሸቱን በፍጥነት ማባዛት ብቻ ነው የሚሆነው። እንግዲህ የዳታ ባለሙያ እናፍራ ስንል፥ አስቀድመን እውነት የሚጽፍ ሰው እናፍራ ማለታችን ካልሆነ፥ በአሸዋ ላይ ቤት እንሠራለን።

ይህ የመጀመሪያው ጸሓፊ ማን ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው። የቀበሌው ጸሓፊ፥ የመንገድ ትራፊክ ፖሊሱ፥ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፥ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። እርሱ የጻፈው ቁጥር ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል፥ ከክልል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። በየደረጃው አንድ አንድ ሰው ቁጥሩን «ካሳመረው» በመጨረሻው ላይ የሚደርሰው ምን ይመስላችኋል? የበላዩ ሹም ያማረ ጠረጴዛ ላይ ያማረ ሰሌዳ ይመለከታል፤ በታች ግን እናትየዋ በመንገድ ላይ ትወልዳለች።

እኔ የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በየጧቱ ስማችን ሲጠራ መምህራችን መዝገቡን በቀለም ይጽፉ ነበር፤ እርሳስ አይፈቀድም ነበር። የተሳሳቱ እንደ ሆነ ስሕተቱን በአንድ ቀጭን መሥመር ሰርዘው፥ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈው፥ ቀኑን አኑረው ይፈርሙበት ነበር። አንድ ቀን እኔ ረዳት ሆኜ ስጽፍ ተሳሳትኩና ስሕተቱን በምላጭ ፍቄ አጠፋሁት። መምህራችን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩትና «ስሕተት ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። የተሰረዘው ከነታሪኩ ይነበባል፤ የተፋቀው ግን ሌብነት ነው» አሉኝ። ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማን፥ መቼ፥ የትኛውን ቁጥር እንደ ለወጠ የሚመሰክር መዝገብ ይይዛሉ፤ ይህንም ታላቅ ጥበብ ነው ይላሉ። እውነትም ታላቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሥራው በቀለምና በቀጭን መሥመር የተጀመረ ነው።

በ1976 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ እኔ ወጣት መምህር ነበርኩና ቆጣሪ ሆኜ ወደ ገጠር ወጣሁ። ወደ አንዲት ባልቴት ቤት ገብቼ «እናቴ፥ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ እኔ ምኑን አውቄ፤ ጣልያን ሲገባ ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ነበር። አንተው ገምተህ ጻፈው» አሉኝ። ቀኑ መሽቶብኝ ነበርና 60 ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱ ተቆጣጣሪዬ ቅጹን አገላብጦ ካየ በኋላ «በዚህ መንደር ያለው ሽማግሌ ሁሉ 50፥ 60፥ 70 ዓመቱ ብቻ ነው? 58 ዓመት የሆነው አንድም ሰው የለም?» አለኝ። እንደገናም ይዞኝ ሄደ። በመደቡ ላይ ተቀምጦ በስንት ዓመታቸው እንዳገቡ፥ የመጀመሪያ ልጃቸው መቼ እንደ ተወለደ፥ ሁለተኛው ጣልያን ሲገባ ስንት ወር እንደ ሆነው እያጫወተ ጠየቃቸው። 1928 ዓ.ም.ን መነሻ አድርጎ ሲያሰላ 68 ዓመት ሆነ። ስንወጣም «ይህ ቁጥር ያንተ አይደለም፤ የእርሳቸው ነው። የሰው ንብረት ደግሞ እንደ ፈለጉ አይቆርሱትም» አለኝ።

ኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት፥ ዕድሜን በ0ና በ5 የማጠጋጋት ልማድ በስታቲስቲክስ ዘንድ የታወቀ ስሕተት ነው፤ መለኪያም አለው። የዊፕል መለኪያ ይባላል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካለው ሕዝብ ውስጥ ዕድሜው በ0ና በ5 የሚያልቀው ስንት እንደ ሆነ ያሰላል፤ ውጤቱ 100 የሆነ እንደ ሆነ ማጠጋጋት የለም ማለት ነው፤ 500 የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የሁሉም ዕድሜ ተጠጋግቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መለኪያ ስሕተቱ መኖሩን ይነግራል እንጂ የባልቴቲቱን ዕድሜ 68 አያደርግም። ያን ማድረግ የሚችለው መደብ ላይ ለመቀመጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ወጣቶች አሉ። «መምህር፥ የእርስዎ ዘመን የጥቂት ቁጥር ዘመን ነበር። ዛሬ መረጃው በሚሊዮን ስለሚቆጠር ስሕተቱ በብዛቱ ውስጥ ይሰጥማል» ይሉኛል። ይህ አነጋገር ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች 1936 ዓ.ም. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለመተንበይ 10 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ከዚያም ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ ነገረ። ጆርጅ ጋላፕ የተባለው ሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ሰዎች፥ ነገር ግን ሕዝቡን የሚመስሉትን መርጦ ጠየቀና ሩዝቬልት ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከሁለት ግዛት በቀር ሁሉን አሸነፈ። መጽሔቱ የጠየቃቸው በስልክና በመኪና ባለቤትነት መዝገብ ላይ ስማቸው የተገኘ፥ በዚያ የችግር ዘመን ኑሮ የቀናቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ብዛቱ ስሕተቱን አላጠፋለትም፤ ስሕተቱን እንዲተማመንበት አደረገው እንጂ።

ይህን ወደ እኛ አምጡት። በስልክ የሚገኝ መረጃ ስልክ የሌላትን ሴት አያውቃትም። በባንክ የሚገኝ መረጃ እቁብ ብቻ የሚጥለውን ሰው አያየውም። የማይታየው ሰው እንደሌለ ሰው ከተቆጠረ፥ ድሃው ሁለት ጊዜ ይራባል፤ አንድ ጊዜ በእንጀራ፥ አንድ ጊዜ በመዝገብ።

ሌሎች ደግሞ «ኮምፒዩተሩ ራሱ ያርመዋል» ይላሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም እንመልከት። በፀ ወይም በጸ፥ በሐ ወይም በሀ ወይም በኀ ቢጻፍ ድምፁ አንድ ነው፤ እንግዲህ አንዲት ፀሐይ ቢያንስ በስድስት ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። ይህን የማያውቅ ባለሙያ አንዷን በሽተኛ ስድስት በሽተኛ አድርጎ ይቆጥራታል። ስማችን ወደ ፈረንጅ ፊደል የተገለበጠ እንደ ሆነማ ጉዱ ይብሳል። የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ነው፤ የካቲትም 30 ቀን አለው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ጳጉሜንን አላውቅም ያለ እንደ ሆነ፥ ምስኪኑ ጸሓፊ የሕፃኑን ልደት ነሐሴ 30 ብሎ ይጽፈዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደውንም 8 ሰዓት ብሎ ቢያስገባው ኮምፒዩተሩ በጧት እንደ ተወለደ ይቆጥረዋል። ይህን ሁሉ የሚያርመው ማን ነው? ፊደሉን፥ ዘመኑንና ሰዓቱን በእናቱ ቤት ያወቀ የአገር ልጅ ነው። ስለዚህ ባለሙያውን ከራሳችን ማፍራት ይገባናል የምለው ለኩራት ስል አይደለም፤ ሥራው ራሱ ስለሚጠይቅ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ብቻ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ፥ ስለ ራሴ እናገራለሁ።

በ1994 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበርኩ። ከበላይ «የተማሪ ምዝገባ ከዕቅድ በታች የሆነበት ዲሬክተር ይጠየቅበታል» የሚል ቃል መጣ። በመዝገቤ ላይ የነበሩት ልጆች 381 ነበሩ። እኔ 641 ብዬ ጻፍሁ። እነዚያን 260 ልጆች ከየት አመጣኋቸው? በቀበሌው ውስጥ ለትምህርት ደርሰዋል ከተባሉት ልጆች ስም ዝርዝር ገለበጥኋቸው። አልዋሸሁም፤ ነገ የሚመጡትን ዛሬ ጻፍሁ ብዬም ኅሊናዬን አባበልሁት። በዓመቱ መጨረሻ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኝ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ።

ከወንዝ ማዶ የነበረው ዲሬክተር ግን 402 ልጆች ነበሩትና 402 ብሎ ጻፈ። በዚያ ዓመት ለአካባቢው የተገኘው ገንዘብ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ የሚያሠራ ስለ ነበረ፥ ብዙ ተማሪ ላለው ይሁን ተብሎ ለእኔ ትምህርት ቤት ተሰጠ። በእኔ ግቢ ቤቱ ተሠርቶ አንደኛው ክፍል ባዶውን ተቆለፈ። የእርሱ ልጆች በሚቀጥለውም ክረምት ከዋርካው ሥር ተማሩ። ያ ሰው በገበያ ባገኘኝ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ምንም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። የተተካው ዲሬክተር ልጆቹን ቆጥሮ 374 ብሎ ጻፈ። ነገሩም በዚሁ ተረሳ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወለልኝ። የድሮ መዛግብትን ወደ ኮምፒዩተር በሚያስገባ ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። «ጋሼ፥ ይቅርታ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ኮምፒዩተሩ የእርስዎን ትምህርት ቤት በቀይ ምልክት አወጣው። በ1994 641 ተማሪ ነበረ፤ በ1995 374 ብቻ ነው። 267 ልጅ በአንድ ዓመት የት ገባ? በሽታ ገብቶ ነበር?» አለኝ። በ1995 ዓ.ም. በአገራችን ብርቱ ድርቅ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ ወይም ሰምታችኋል። እኔም ምላሴ ቀደመኝና «ድርቅ ነበረ፥ ልጄ» አልሁት። «አዬ፥ ልክ ነዎት! ይህማ ድርቅ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደሚያስወጣ ለምናጠናው ጥናት ይረዳናል። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አመስግኖኝ ዘጋው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1994 የዋሸሁት ለአንድ የወረዳ ሹም ነበር። አሁን ግን የዋሸሁት ለኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም ያመነኝ እንደ ሆነ ድርቅ በመጣ ቁጥር ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 267 ልጅ ይወጣል ብሎ ይማራል። እውነተኛው ቅናሽ ግን 7 ልጅ ነበር። በእኔ ቃል የተማረው ኮምፒዩተር ነገ ለአንዱ አውራጃ የማይገባውን እህል ይልካል፤ ከሌላው ይነሣል። በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ያለው ሌባ ታወሰኝ።

ሲነጋ ደወልሁለት። «ልጄ፥ ድርቅ አልነበረም አልልህም፤ ነበረ። ነገር ግን 260ዎቹ ልጆች በድርቅ አልጠፉም፤ ከመጀመሪያውም አልነበሩም። የጻፍኋቸው እኔ ነኝ» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያም እንደ ማፈር ብሎ «ጋሼ፥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስንት ይሆን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እነሆ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

«ምን ላድርግ? አለቃዬ አዘዘኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ግን አለቃው ሌላ አለቃ አለው፤ እርሱም እንዲሁ ይላል፤ በመጨረሻም ውሸቱ አባት የሌለው ልጅ ይሆናል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እውነትና ንጋት ደግሞ እያደር ይጠራል። የዱሮው ውሸት የሚቀልለው ወረቀቱን አይጥ ሲበላው ነበር። የዛሬው መዝገብ ግን አይበላም፤ በአንድ ቅጽበት ሺህ ቦታ ይገለበጣል። እንግዲህ የዛሬ ሐሰተኛ ቁጥር ከእኔ ዘመን ሐሰተኛ ቁጥር እጅግ የከፋ ኃጢአት ነው።

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለኝ። ያነሰ ቁጥር ያመጣውን ሠራተኛ የምትቀጡ፥ የተነፋ ቁጥር ያመጣውን የምትሸልሙ ከሆነ፥ የዳታ ባለሙያ ሳይሆን የዳታ አዝማሪ ታሳድጋላችሁ። አዝማሪ የሚዘፍነው አድማጩ የሚወደውን ነው።

ደግሞስ ስለ ቢግ ዳታ ስናወራ ራሳችንን ቆጥረናልን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ተቆጠርን፤ በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ፥ በ1999 ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነን ተገኘን። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተባለ፤ ወደ 2011 ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 በጸጥታና በመፈናቀል ምክንያት እንደገና ተራዘመ፤ እስከ ዛሬም አልተካሄደም። ጎረቤታችን ኬንያ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሕዝቧን በታብሌት ቆጥራ 47.6 ሚሊዮን መሆኑን አወቀች። በአገራችን ከ1999ኙ ቆጠራ ማግሥት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢሙ እየበቀለ ነው፤ አገሩ ግን አንድም ቀን ቤቱ ገብታ ቆጥራው አታውቅም። ያለው ሁሉ ግምት ነው። ጸጥታ ሲጠፋ መቁጠር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ነገር ግን መሠረቱ ግምት የሆነ ቤት ጣራው ምንም ቢያብለጨልጭ ግምት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፥ ወጣቶች ሆይ። ብዙዎቻችሁ የምስክር ወረቀት ትሰበስባላችሁ። የስድስት ሳምንት ትምህርት ጨርሶ «የዳታ ሳይንቲስት ነኝ» የሚል አይቻለሁ፤ አማካይና መካከለኛ ምን እንደሚለያቸው ብጠይቀው ግን ሳቀብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መሣሪያው በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ሒሳቡ ግን አይለወጥም። ሒሳቡን የዘለለ ሰው መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ማይም ይሆናል።

ጥልቅ ዕውቀት ከሌለ በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚተርፈን የትኛው ወንበር እንደ ሆነም እወቁ። በጥር 2015 ዓ.ም. በዓለም እንደ ተሰማው፥ በናይሮቢ የሚኖሩ ወጣቶች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የሚሆን አሠቃቂ ጽሑፍ እያነበቡ ሲለዩ በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር። እነዚያ ወጣቶች የተማሩ ነበሩ፤ ሥራቸውም የሚናቅ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ኮምፒዩተሩ አይሠለጥንም። ነገር ግን እህሉን እነርሱ ለቀሙት፤ ጎተራው የሌላ ነበረ። ምሥራቅ አፍሪካ በዳታ አደገች የሚባለው ልጆቿ ለቃሚ ብቻ ሲሆኑ አይደለም፤ ምን እንደሚዘራና ለማን እንደሚከፋፈል የሚወስኑ ሲሆኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልረሳም። የሰው መረጃ የሰው ምስጢር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ መልካም ነው። አዋጅ ግን በር ነው፤ ዘበኛው እናንተ ናችሁ። የጎረቤቱን የሕክምና መዝገብ ለወሬ የሚከፍት ባለሙያ ሰውን ሁለተኛ እውነት እንዳይናገር ያስተምረዋል። የተፈራ መዝገብ ደግሞ እውነተኛ ቃል አያገኝም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚጽፈውን ሰው እናክብረው፤ ደመወዙ፥ ትምህርቱና ማዕረጉ ከከተማው ባለ ኮምፒዩተር እጅግ የራቀ አይሁን። ሁለተኛ፥ ቁጥር የሚያጣራው ክፍል በቁጥሩ ከሚመሰገነው ክፍል ይለይ፤ ያነሰ ነገር ግን እውነተኛ ቁጥር ያመጣ ሠራተኛም ይጠበቅ። ሦስተኛ፥ በየትምህርት ቤቱ ስታቲስቲክስ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከቀበሌው ይማሩት፤ ልጆቹ የመንደራቸውን ምንጭ፥ ከብትና ዝናብ ራሳቸው ቆጥረው በመዝገብ ያኑሩ፤ በዓመቱም ካለፈው ጋር ያመሳክሩ። ይህ ከአንድ ደብተርና ከአንድ ጠርሙስ ቀለም በላይ አያስወጣም። አራተኛ፥ እናንተ ራሳችሁ ማንኛውም ቁጥር በፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን ጻፈው? እንዴት አወቀው? ያነሰ ቢጽፍ ምን ይደርስበት ነበር? ሦስተኛውን ጥያቄ የማይጠይቅ ባለሙያ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ይታለላል።

ያ የምስጋና ወረቀት ዛሬም በሣጥኔ ውስጥ አለ። ላቃጥለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም ያሉኝ መምህሬ ትዝ አሉኝ። ስለዚህ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መሥመር አሠመርሁበት፤ ከጎኑም «641 ሐሰት ነው፤ እውነቱ 381» ብዬ ጽፌ፥ ቀኑን አኑሬ ፈረምሁበት። ቅጂውንም ለዚያ ተማሪዬ ላክሁለት። ከእኔ ጋር በዚያ ዘመን ዲሬክተር የነበራችሁ፥ በሕይወት ያላችሁ ወዳጆቼ ሆይ፥ እናንተም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ወጣቶቹ ከባዶ መጀመራቸው ሳያንስ፥ ከውሸታችን እንዲጀምሩ አንፍረድባቸው።